የቤት ዋይፋይ ከመስመሩ ጀምሮ፦ ለደሴ፣ ለኮምቦልቻና ለአካባቢው ቤቶች

«ኔቱ ደካማ ነው» ሲባል ጣት የሚቀሰረው ወደ ውጭ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ከግድግዳው ወዲህ ይገኛል፤ የዛገ መገናኛ፣ ያለ ቦታው የተሰካ ማጣሪያ፣ ከቴሌቪዥን ጀርባ የተሸሸገ ራውተር። ስለዚህ ሥራውን በቅደም ተከተል ይያዙት፦ መጀመሪያ መስመሩ፣ ከዚያ ሳጥኑ፣ በመጨረሻ አየሩ። ይህን የዘለለ ሰው የዋይፋይ ስምና ፓስዎርድ ሲቀያይር ይውላል፤ ችግሩ ግን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር በፕላስተር በተጠቀለለች አንዲት የሽቦ ቅጥያ ላይ ተቀምጧል።

ከመግዛትዎ በፊት

ወደ ቤትዎ የሚገባውን ገመድ ይመልከቱ። ሁለት የመዳብ ሽቦ ያለው የስልክ ገመድ ከሆነ መስመርዎ ዲኤስኤል ነው፤ የሚያስፈልግዎም የዲኤስኤል ሞደም ያለው ራውተር ነው። ጀርባው ላይ ከሌሎቹ ጠበብ ያለች የስልክ መሰኪያ ትኖረዋለች። የገባው ፋይበር (ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን የመስታወት ገመድ) ከሆነ ደግሞ ገመዱ ኦኤንቲ ወደሚባለው ሳጥን ይገባል። ኦኤንቲው በአቅራቢው ሲስተም ላይ የሚመዘገብ ስለሆነ እንዲሁ ከገበያ ገዝተው የሚተኩት አይደለም፤ አብዛኛው ራሱ ዋይፋይ አለው። ከእሱ ቀጥሎ ሌላ ራውተር ካስፈለገ «ዋን» (WAN) የሚል፣ ከውጭ የሚመጣው መስመር የሚሰካበት መሰኪያ ያለው ተራ ራውተር ይበቃል።

ደሴ ፒያሳ ካሉት ሱቆች ገብተው «ራውተር» ብቻ ብለው ቢጠይቁ ሁለቱም ዓይነት ሊወጣልዎት ይችላል፤ መልካቸውም ይመሳሰላል። ካርቶኑን ሳይሆን የራውተሩን ጀርባ አይተው ይግዙ። ያገለገለ ከሆነ አዳፕተሩን ከራውተሩ ሥር ከተጻፈው ጋር ያመሳክሩ። ቮልቱ እኩል መሆን አለበት፤ አምፔሩ እኩል ወይም ከዚያ በላይ። 9 ቮልት በሚፈልግ ራውተር ላይ 12 ቮልት መሰካት ሊያቃጥለው ይችላል። 1.5 አምፔር በሚፈልገው ላይ 0.5 አምፔር ከተሰካ ደግሞ ይበራል፣ ግን ሥራ ሲበዛበት እየጠፋ ይነሳል፤ ሰውም መስመሩን ይጠረጥራል።

ከሁለቱ አንዱም በማይደርስበት ሰፈር ሲም ካርድ የሚገባበት የ4ጂ ራውተር መጠቀም ይቻላል። ለእሱ ዋናው ቦታ ነው። ደሴ በተራራ የተከበበች ስለሆነች የቤቱ አንደኛው ወገን ታወሩን ሲያይ ሌላው ሊሸፈንበት ይችላል። በየመስኮቱ 5 ደቂቃ እያስቀመጡ ፍጥነቱን ይለኩና ከፍ ባለበት ይትከሉት።

መስመሩ

ዲኤስኤል ከሆነ ግድግዳው ላይ ያለችውን የስልክ ሳጥን ክዳን ይክፈቱ። ሰማዩ መጮህ ከጀመረ ግን አይንኩት፤ በደረቅ ቀንም እጅዎ ደረቅ ይሁን። የስልክ መስመር 48 ቮልት አካባቢ ይዞ ይቆያል፤ ስልክ ሲደወል ከዚያ በላይ ይወጣል፤ ይነዝራል።

ውስጧን ሲያዩ መዳቡ ቀይና የሚያበራ መሆን አለበት። የደሴ ጉምና የክረምት እርጥበት የገባበት መዳብ ይጠቁራል፣ ከዚያም አረንጓዴ ዱቄት ያወጣል። ይህ አረንጓዴ ነገር ለድምፅ ያን ያህል አያስቸግርም፤ ስልኩ ትንሽ ይንሿሿል እንጂ ይሠራል። የኢንተርኔቱ ምልክት ግን ከድምፅ እጅግ ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ ስለሚሄድ እዚያ ላይ ይደክማል። «ስልኩ ይሠራል፣ ስለዚህ መስመሩ ደህና ነው» ማለት የማያስኬደው ለዚህ ነው። የጠቆረውን 2 ሴንቲሜትር ያህል ቆርጠው ይጣሉ፣ አዲሱን ጫፍ ልጠው ብሎኑን አጥብቀው ይሰሩት። ሁለቱ ሽቦዎች ቦታ ቢቀያየሩ ለዲኤስኤል ችግር የለውም። በመንገድ ላይ ቅጥያ ካለ ፕላስተሩን ፈትተው ጄል በተሞላች የስልክ ሽቦ መቀጠያ ይተኩት፤ ፕላስተር ውሃ ይዞ ያስቀምጣል እንጂ አይከላከልም። ከቤቱ ውጭ ምሰሶው ላይ ያለውን ግን አይነካኩ፤ የአቅራቢው ንብረት ነው።

ቀጥሎ ማጣሪያው፣ ማለትም ስፕሊተሩ። ሦስት ቀዳዳ አለው፤ «ላይን» ከግድግዳው ይመጣል፣ «ሞደም» ወደ ራውተሩ፣ «ፎን» ወደ ስልኩ ይሄዳል። ሌላ ክፍል ተጨማሪ ስልክ ካለ እሱም ያለ ማጣሪያ አይሰካ። ስልክ በተደወለ ቁጥር ኢንተርኔቱ የሚቋረጥ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ ያለ ማጣሪያ የተሰካ ስልክ አለ ማለት ነው።

አሁን ይሞክሩ። ስልኩን በሙሉ ነቅለው ራውተሩን ብቻውን ከመጀመሪያው የስልክ ሶኬት ጋር ያገናኙና 3 ደቂቃ ይጠብቁ። «ዲኤስኤል» የሚለው ጠቋሚ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ እየፈለገ ነው፤ ረግቶ ከበራ ተገናኝቷል። በራውተሩ ገጽ ላይ የዲኤስኤል ሁኔታ በሚለው ቦታ የምልክቱ ህዳግ (SNR Margin፣ ምልክቱ ሳይቋረጥ ለመቆየት ያለው ትርፍ) በዴሲቤል ይታያል፤ ከ6 ዴሲቤል በታች ከወረደ መስመሩ እየተቆራረጠ ያስቸግራል። የምልክት መዳከም የሚለው ቁጥር ደግሞ ከ30 በታች ሲሆን ጥሩ ነው፤ ወደ 60 ከቀረበ ቤቱ ከስልክ ጣቢያው ርቋል ወይም መንገድ ላይ መጥፎ ቅጥያ አለ። ርቀቱን ቤት ውስጥ በሚሠራ ሥራ ማሳጠር አይቻልም። ቅጥያውን ግን ይቻላል።

ፋይበር ቀለል ይላል፤ ክፋቱ አንድ ነው፣ መታጠፍን አይወድም። ከ3 ሴንቲሜትር ራዲየስ ባነሰ ጥምዝ አይታጠፍ፣ በምስማር አይመታ፣ ሶፋ አይጫነው፣ የበር ክፈፍ አይቆንጥጠው። «ፖን» ረግቶ አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው። «ሎስ» ቀይ ከበራ ብርሃኑ አልደረሰም፤ ገመዱ ታጥፏል ወይም ተቆርጧል፤ እዚህ ላይ ራውተሩን ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት ምንም አይጠቅምም። የተነቀለ ፋይበር ጫፍን በዓይን አይመልከቱ፣ በጣትም አይጥረጉ፤ የማይታይ የሌዘር ብርሃን አለው፣ የጣት ቅባትም ምልክቱን ያደክማል።

ሳጥኑ

በመጀመሪያ አንድ ማስጠንቀቂያ። ብዙ ሰው ችግር ሲያይ በመርፌ የሚጫነውን «ሪሴት» ለ10 ሰከንድ ይጫናል። ያኔ የአቅራቢው ዩዘርኔምና ፓስዎርድ አብሮ ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ቢሮ ሳይሄዱ ወይም ሳይደውሉ ኢንተርኔት የለም። ከመንካትዎ በፊት የ«ዋን» ገጹን በስልክዎ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ።

ለመግባት ከራውተሩ ሥር ያለውን ወረቀት ያንብቡ፤ የዋይፋዩ ስም፣ ቁልፉና የገጹ አድራሻ እዚያ ላይ አለ። አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው፤ አንዳንድ ኦኤንቲ 192.168.100.1 ይላል። በስልክ ሲሞክሩ ዳታውን ያጥፉ። ራውተሩ ገና ኢንተርኔት ስለሌለው ስልኩ ዋይፋዩን ትቶ በዳታ ለመውጣት ይሞክራል፣ ገጹም አይከፈትም። ቁጥሩን ከላይ አድራሻ በሚጻፍበት ቦታ ይጻፉት፤ የፍለጋ ሳጥን ውስጥ ከጻፉት ጉግል ይዞዎት ይሄዳል።

በ«ዋን» ስር ፒፒፒኦኢ (PPPoE) የሚለውን፣ በዩዘርኔምና በፓስዎርድ የሚገናኘውን ዓይነት፣ ይምረጡና ከአቅራቢው የተሰጠዎትን ዩዘርኔምና ፓስዎርድ ያስገቡ። ትልቁና ትንሹ ፊደል ይለያያል፤ ዜሮና «ኦ»፣ አንድና «ኤል» በእጅ ጽሑፍ ላይ ይምታታሉ። የዲኤስኤሉ መብራት ረግቶ «ኢንተርኔት» የሚለው ቀይ ከሆነ ወይ እዚህ ላይ ተሳስተዋል ወይ የክፍያው ቀን አልፏል። ኤምቲዩ (MTU) የሚባለውን፣ በአንድ ጊዜ የሚላከውን የዳታ እሽግ መጠን፣ 1492 ላይ ይተዉት፤ 1500 ቢሆን አንዳንድ ገጾች ተከፍተው ሌሎቹ ግማሽ ላይ ይቆማሉ።

ከዚያ የገጹን የራሱን የመግቢያ ፓስዎርድ ይቀይሩ። ይህ ከዋይፋዩ ቁልፍ የተለየ ነው፤ ብዙ ቤት ሳይቀየር ይቀራል፤ ዋይፋዩን ያገኘ ማንም ልጅ ገብቶ ባለቤቱን ሊዘጋው ይችላል። የዋይፋዩን ጥበቃ ዳብሊውፒኤ2 (WPA2) ወይም ራውተሩና ስልኮቹ ከቻሉ ዳብሊውፒኤ3 ላይ ያድርጉ፣ በአዝራር ወይም በአጭር ፒን ቁጥር የሚያገናኘውን ዳብሊውፒኤስ (WPS) ያጥፉ። ስሙን በላቲን ፊደል ይጻፉ፤ የግዕዝ ፊደል በአንዳንድ ስልክ ላይ ተበላሽቶ ይታያል። ቁልፉ ቢያንስ 12 ፊደል ይሁን። የስልክ ቁጥር በሰፈር የሚታወቅ ነውና ይቅር፤ የማይገናኙ ሦስት አራት የአማርኛ ቃላት በላቲን ተጽፈው ሲቀጣጠሉ ለማስታወስ ይቀላሉ፣ ለመገመት ይከብዳሉ።

ጎረቤት «እስቲ ዋይፋይ ስጡኝ» ሲል እምቢ ማለት ይከብዳል፣ ወሎ ውስጥ ደግሞ የበለጠ። ለዚህ «ጌስት» የሚባለውን ሁለተኛ ስም ያብሩ። ቁልፉ ሌላ ነው፣ የእርስዎን ኮምፒውተርና ፕሪንተር አያይም፣ በብዙ ራውተር ላይ ፍጥነቱም ይገደባል። ተከራይ ሲለቅ የጌስቱን ቁልፍ ብቻ ይቀይራሉ።

አየሩ

ራውተር በየቤቱ የሚቀመጥበትን ቦታ ያውቁታል፦ ቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ በዳንቴል ተሸፍኖ። ሦስቱም መጥፎ ነው። ቴሌቪዥኑ ብረት ነው፣ የቡፌው መስተዋት ጀርባው ብረት የተቀባ ነው፣ ዳንቴሉም ሙቀቱን ያፍናል፤ በተለይ እንደ ኮምቦልቻ ሞቃት በሆነ ቦታ ራውተሩ ከሰዓት በኋላ እየጋለ ይዝላል። ከመሬት 1.5 እስከ 2 ሜትር ከፍ አድርገው፣ ከቤቱ መሐል፣ ሳይሸፍኑ ይስቀሉት። የዲኤስኤል ገመዱ አልደርስ ካለ ራውተሩን ወደ ገመዱ ከመውሰድ ገመዱን ወደ ራውተሩ ያርዝሙት። አንቴናው ቀጥ ብሎ ሲቆም ምልክቱ ወደ ጎን ይሰራጫል፤ ፎቅ ካለ አንደኛውን አንቴና ያጋድሙት።

2.4 ጊጋኸርዝ ርቆ ይሄዳል፣ ግን ይጨናነቃል። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን ያቆመዋል። ሳሎን ላለው ቴሌቪዥን 5ን፣ ለጓዳና ለግቢ 2.4ን ይጠቀሙ። በ2.4 ላይ ከቻናል 1፣ 6 እና 11 አንዱን ይምረጡ፤ ከእነዚህ ውጭ ያለው ከሁለቱም ጎረቤት ጋር ይደራረባል። የቻናሉን ስፋት 20 ሜጋኸርዝ ላይ ያድርጉት።

የጭቃ ግድግዳ ሲደርቅ ምልክት ያሳልፋል፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አብዛኛውን ይበላዋል። ቆርቆሮ ግን ፈጽሞ አያሳልፍም። ሰርቪስ ቤቱ በቆርቆሮ የተሠራ ከሆነ ምልክቱ የሚገባው በመስኮትና በበር ብቻ ነው፤ አንቴና መጨመርም ሆነ ምልክት ደጋሚ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ገመድ ይዘርጉ። ካት 5ኢ የሚባለው የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። ጫፉን ሲያስሩ በሁለቱም በኩል ይህን ቅደም ተከተል ይጠብቁ፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። የዋናው ራውተር አድራሻ 192.168.1.1 ከሆነ እዚያ የሚቀመጠውን ሁለተኛ ራውተር አድራሻ ወደ 192.168.1.2 ይቀይሩ፣ ለስልኮች አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ (DHCP) ያጥፉ፣ ገመዱን በ«ዋን» ሳይሆን በ«ላን» ይሰኩ። ይህ ካልተደረገ ሁለቱም አንድ አድራሻ ይይዙና ስልኮች አንዴ ይገናኛሉ፣ አንዴ ይቋረጣሉ።

መብራትና መብረቅ

በሐምሌና በነሐሴ፣ በበልግም ጭምር፣ ነጎድጓድ ሲሰማ የኤሌክትሪኩንም የስልኩንም ገመድ ይንቀሉ። ኤሌክትሪኩን ብቻ መንቀል አይበቃም፤ መዳቡ የውጭውን ምሰሶ ይዞ ስለሚመጣ መብረቁ በእሱ ይገባል። ማከፋፈያ ላይ ያለው ማጥፊያም ከመብረቅ አያድንም። መብራት ሲሄድ ደግሞ አዳፕተሩን ነቅለው፣ ሲመጣ 5 ደቂቃ ቆይተው ይሰኩ፤ አዳፕተር የሚያቃጥለው ብዙውን ጊዜ መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ከፍ ያለ ቮልት ነው።

ለራውተር የሚሠራ 12 ቮልት የሚያወጣ ትንሽ ባትሪ መግዛት ካሰቡ የተጻፈውን ሚሊአምፔር በጥንቃቄ ያንብቡ። 8800 የሚለው የሚቆጠረው በውስጡ ባለው 3.7 ቮልት ነው፤ ማለትም ወደ 32 ዋትሰዓት። 8 ዋት የሚበላ ራውተር ብክነቱ ተቀንሶ በእሱ 3 ሰዓት ያህል ይሠራል። ፋይበር ካለዎት ለኦኤንቲውም ይቁጠሩ።

ከመደወልዎ በፊት

ፍጥነቱን በዋይፋይ ሳይሆን በገመድ በተገናኘ ኮምፒውተር ይለኩ፤ አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ሰው በሚበዛበት ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት። የተሸጠልዎት በሜጋቢት ነው፤ ሲያወርዱ የሚታየው በሜጋባይት ነው። 8 ቢት 1 ባይት ስለሆነ 4 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ ግማሽ ሜጋባይት ነው፤ 100 ሜጋባይት ፋይል ከ3 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ይህን ያህል ካገኙ መስመርዎ ደህና ነው፣ ወደ ዋይፋዩ ይመለሱ። በገመድም ቢሆን ዝቅ ካለ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆኑ 994 ይደውሉ። የአገልግሎት ቁጥርዎን፣ የትኛው መብራት በምን ቀለም እንዳለ፣ ህዳጉ ስንት ዴሲቤል እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደሚቋረጥ ጽፈው ይዘው ይንገሯቸው።