ሸክላው ሲጎተት የፈታሁበት መንገድ

ደብረ ማርቆስ ቤቴ ያለው ሸክላ ማጫወቻ በቺንጋ (በላስቲክ ቀበቶ) የሚዞር ነው። ለተጣመሙ ሸክላዎች ብዬ መሃሉ ላይ 400 ግራም ማጫኛ ብረት ካስቀመጥኩ ወዲህ የክራሩ ድምፅ ከቅኝቱ ወረደ፤ ሲነሳም እንደ ደከመ በሬ ነው።

መጀመሪያ የሞተሩን ፍጥነት ማስተካከያ ብሎን ነካካሁ። ማጫኛውን ሳነሳ ደግሞ ፈጠነ። ቀጥሎ ፍጥነቱን በስልክ መተግበሪያ ለካሁ፤ ሁለት ቀን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ስልኩ ራሱ ወደ 200 ግራም ይመዝናል፤ ሸክላው የሚያርፍበት ሳህን ላይ ሲቀመጥ እሱም ማጫኛ ነው!

በመጨረሻ 180 መስመር ያለው የፍጥነት መለኪያ ወረቀት አትሜ በአሮጌው ፍሎረሰንት መብራት ሥር አዞርኩት። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነና በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ስለሚል በደቂቃ 33⅓ ዙር ላይ መስመሮቹ የቆሙ ይመስላሉ (ኤልኢዲ አምፖል ብዙ ጊዜ አይሆንም)። ማጫኛው ሲቀመጥ መስመሮቹ ወደ ኋላ ሸሹ፤ መርፌው ሲያርፍ ባሰ። ቺንጋው እየተንሸራተተ ነበር።

ቺንጋውን የሚያዞረውን የሞተሩን ፑሊ በአልኮል ጠረግሁ፣ ትንሽ ተሻለው። የረጋው ግን አዲስ ቺንጋ ሲገባና የሳህኑ ዘንግ የሚዞርበት ጉድጓድ ከደረቀው ቅባት ጸድቶ ሁለት ጠብታ የማሽን ዘይት ሲያገኝ ነው። ብሎኑንም መልሼ አስተካከልኩ። በብረቱ ምትክ አሁን ዘንጉን ቆንጥጦ የሚይዝ ቀላል የፕላስቲክ ማሰሪያ እጠቀማለሁ፤ መስመሮቹ ቀጥ ብለዋል። ለ45 ዙር ባለ 133 መስመሩን አትሙ።