ጤና ጣቢያ ወይስ የግል ክሊኒክ? ሀዋሳ ላይ ኪስ ሳይራቆት የመታከም ዘዴ

ሰሞኑን ባጃጅ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ሰማሁ። አንዱ «መንግሥት ከሕክምና እጁን ያውጣ፣ ለግሉ ይተውለት» ይላል። ሌላኛው «የግሉማ ደም መጣጭ ነው» ይላል። ከመነኸሪያ እስከ ፒያሳ አልተስማሙም። እኔ ደግሞ ሁለቱም ሲያማቸው የት እንደሚሄዱ መጠየቅ አማረኝ። እዚህ ከተማ የሚኖር ሰው ጠዋት ጤና ጣቢያ፣ ከሰዓት የግል ላብራቶሪ፣ ማታ ፋርማሲ ሲል ነው የሚውለው። ስለዚህ ማን ይሻላል የሚለውን ለባጃጁ ትቼ፣ የቱ ጋ መቼ እንደሚኬድ ልንገራችሁ።

ሥራው የሚጀምረው ሳያማችሁ ነው። ደሞዝተኛ ካልሆናችሁ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ሁኑ። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ነው ዛሬ እዚህ የደረሰው። ቀበሌ ሄዳችሁ ትጠይቃላችሁ፣ የዓመቱን መዋጮ ትከፍላላችሁ፣ ደብተር ይሰጣችኋል። የሚመዘገበው ቤተሰቡ እንዳለ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይነጫነጫል፤ «እኔ ጤነኛ ነኝ፣ እናቴን ብቻ መዝግቡልኝ» ይላል። አይሆንም። የታመመ ብቻ እየመረጠ ቢገባ ሳጥኑ ወዲያው ይራገፋላ! እንደ ዕድር አስቡት፤ ቤቱ በሽተኛ ሲያጣጥር ዕድር ልግባ የሚል ጎረቤት ማን ይቀበላል? ለዚህም ነው ምዝገባውና እድሳቱ ወቅት ያለው። መክፈል ለማይችል ቤተሰብ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል፤ ግን ስሙ በቀበሌ ተለይቶ መግባት አለበት። እንዲህ ያለ ጎረቤት ካላችሁ ጠቁሙት፣ ብዙዎቹ አያውቁም።

ደሞዝተኛው ግን መሃል ላይ ተንጠልጥሏል። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጣ፣ ከሠራተኛው 3 በመቶ ከአሠሪው 3 በመቶ ይዋጣል ተባለ፣ ከዚያ ሥራ የሚጀምርበት ቀን በየጊዜው ይራዘም ጀመር። እናንተ መጠበቅ የለባችሁም። መሥሪያ ቤታችሁ ከክሊኒክ ወይም ከሆስፒታል ጋር ውል እንዳለው የሰው ኃይል ክፍሉን ዛሬውኑ ጠይቁ። ውሉ ኖሮ ሠራተኛው ሳያውቀው ከኪሱ ሲከፍል አይቻለሁ።

ከዚያ ደግሞ በነፃ የሚሰጠውን በገንዘብ አትግዙ። የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ የልጆች ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክፍያ የላቸውም። ደብተር ኖራችሁም አልኖራችሁም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ የአክስቴ ነገር።

አክስቴ አሞራ ገደል ዓሣ ትሸጣለች። ባለፈው ዓመት ሆዷን አመማት። ወረፋ ጠልታ በባጃጅ አንድ የግል ክሊኒክ ገባች። እኔ ስደርስ አምስት ምርመራ ታዞላታል፤ ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ አልትራሳውንድ፣ በዚያ ላይ ያ የማይቀረው የታይፎይድና የታይፈስ። ውጤቱስ? እሱማ ይታወቃል፤ «ታይፎይድና ታይፈስ»። (የታይፎይዱ የደም ምርመራ ዱሮ በታመመ ወይም በተከተበ ሰው ላይም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ይህን ማንም አልነገራትም።) መርፌ ተወጋች፣ የሦስት ቀን ሽያጯ እዚያው ቀረ፣ ሆዷ ግን እንደነበረ ነው።

በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ካርድ ክፍል ተሰልፈን 5 ሰዓት ላይ ገባን። ጤና መኮንኗ ገና ልጅ ናት፤ ምን እንደምትበላ፣ መቼ እንደሚብስባት፣ ሌሊት ይቀሰቅሳት እንደሆነ ጠየቀቻት፣ ሆዷን ዳሰሰቻት፣ አንድ ምርመራ ብቻ አዘዘች። ጨጓራ ነው። ደስ ብሎን ወደ ፋርማሲው ስንሄድ «አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» ተባልን።

ያ የባጃጅ ክርክር እንግዲህ ሁለት በር ላይ ቆሞ አየሁት። የግሉ የሚያገኘው ባዘዘው ልክ ነው፤ ስለዚህ ያዛል። የመንግሥቱ ደሞዝ አሥር ሰው ታየ ሃምሳ ያው ነው፣ መድኃኒት ቢያልቅም ከኪሱ የሚጎድልበት የለም፤ ስለዚህ ትጠብቃላችሁ። ኬኔት አሮ የሚባል አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1963 እንደጻፈው፣ ሕክምና ከሌላው ዕቃ የሚለየው ገዢው የሚገዛውን ስለማያውቅ ነው። ቲማቲም ስትገዙ የበሰበሰውን ታውቃላችሁ። ምርመራ ሲታዘዝላችሁ ግን የሚያስፈልጋችሁን የሚነግራችሁ ራሱ ሻጩ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ለማይታወቅ ሕመም፣ ለስኳርና ለደም ግፊት ክትትል መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ያውም በማለዳ። ከአቅማቸው በላይ ከሆነ ሪፈር ይጽፉላችኋል፤ ወደ አዳሬ ወይም ወደ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚያስገባችሁ ያ ወረቀት ነው። ደብተር ይዛችሁ ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል ብትሄዱ መድኑ ሙሉውን አይከፍልላችሁም። መድኃኒት «አልቋል» ስትባሉ ዝም ብላችሁ አትውጡ። «ከመድኑ ጋር ውል ያለው ሌላ ፋርማሲ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሌለ ሐኪሙ አንድ ፋብሪካ ያወጣለትን የንግድ ስም ሳይሆን የመድኃኒቱን የራሱን መጠሪያ እንዲጽፍ ለምኑት፤ ያኔ ሁለት ሦስት ፋርማሲ ዋጋ ጠይቃችሁ ርካሹን ትገዛላችሁ።

የግል ስትሄዱ ደግሞ አታፍሩ። ካርድ ሳታወጡ ዋጋ ጠይቁ። ለእያንዳንዱ ምርመራ «ውጤቱ ይህ ቢሆን ምን ይሰጡኛል፣ ያ ቢሆንስ?» በሉ። መልሱ ያው ከሆነ ምርመራውን ለምን ትከፍሉበታላችሁ? ውጤቱን በወረቀት ተቀበሉ፣ ሌላ ቦታ ድጋሚ እንዳትከፍሉ። ከሥራ ሰዓት ውጭ በመንግሥት ሆስፒታሎች ውስጥ በክፍያ የሚሠራ የግል ክፍልም አለ፤ ብዙ ጊዜ ሐኪሞቹ ያው የቀኖቹ ናቸው። መንግሥት ራሱ ገበያ ገባ ማለት ነው፣ ግን ቀጠሮ ሲርቅ ይጠቅማል።

መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ ላይ እኔ የገበያው ወገን ነኝ። መድኑ አይሸፍናቸውም፣ አያስቸኩሉም፣ ዋጋውንም ዞራችሁ ማወዳደር ትችላላችሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዙሩ፣ ተከራከሩ። ለአንድ ዓይነት መስታወት የተጠራልኝ ዋጋ ከሱቅ ሱቅ በጣም ይለያያል።

ድንገተኛ ሲሆን ግን ማወዳደር የለም። በቃሬዛ የገባ ሰው በዋጋ አይደራደርም። ያ ገበያ ወዳዱ አሜሪካ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ሕግ ድንገተኛ ክፍሎች በሽተኛውን ገንዘብ አለህ ወይ ሳይሉ እንዲያዩትና እንዲያረጋጉት አስገድዷል። እናንተም በዚያች ሰዓት ቅርብ ወዳለው ሂዱ፣ ደብተሩን የሚያመጣ ሰው ከኋላ ላኩ።

አክስቴ አሁን ደብተሯን፣ ሪፈሩን፣ የላብራቶሪ ወረቀቱን ሁሉ በአንድ ፌስታል አድርጋ በሩ ጀርባ ሰቅላለች። ባለፈው ሳምንት «ጉልበቴን አሞኛል» ብላ ደወለችልኝ። ልነሳና ልምጣ ስላት «አንተ ቆይ» አለችኝ፣ «መጀመሪያ ደብተሩ መታደሱን እይልኝ።»