ታብሌት ላይ በእጅ ለምትጽፉ

ታብሌት ላይ በእጃችሁ ማስታወሻ የምትይዙ ካላችሁ ርዕሱን በእጅ አትጻፉት፣ በኪቦርድ ጻፉት። እኔ ሙሉ ሴሚስተር በአማርኛ ስሞነጫጭር ከርሜ ለፈተና ስፈልገው አፑ የኔን «ለ» ከ«ሰ» መለየት አቅቶት አንዱንም ሊያገኝልኝ አልቻለም (እውነቱን ለመናገር አንዳንዱን እኔም ማንበብ አቅቶኛል)። አሁን «ስታትስቲክስ ምዕራፍ 3» ብዬ በኪቦርድ አስገባና ከሥሩ እንደ ልቤ እጽፋለሁ። መዳፋችሁ ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ መስመር የሚያሰምርባችሁ ከሆነ ደግሞ ሴቲንግ ገብታችሁ በብዕሩ ብቻ እንዲጽፍ አድርጉት። የሳምሰንግ ኤስ ፔን ለመጻፍ ቻርጅ አይፈልግም፣ አፕል ፔንስል ግን ይፈልጋል፤ ክፍል ከመግባታችሁ በፊት እዩት። በየሳምንቱ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት፣ ታብሌቱ ቢሰበርም ማስታወሻው ይተርፋል።