የክፍት ምንጭ የሂሳብ ሶፍትዌርን ብዙ ተጠቃሚዎች በአንድ ዳታቤዝ እንዲሠሩበት እንዴት ማድረግ ይቻላል?

በርካታ የክፍት ምንጭ የሂሳብ ሶፍትዌሮች መጀመሪያ የተጻፉት አንድ ሰው በአንድ ኮምፒውተር ላይ መዝገብ እንዲይዝባቸው ነው። መዝገቡ በአንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፤ ፕሮግራሙ ሲከፈት ፋይሉን በሙሉ ወደ ሜሞሪ ያነባል፣ ሥራው ሲያልቅም መልሶ ይጽፈዋል። ሥራው ሰፍቶ ሁለተኛ የሂሳብ ሠራተኛ ሲጨመር ይህ አሠራር አያፈናፍንም። ያኔ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው መፍትሔ መረጃውን ወደ ዳታቤዝ ሰርቨር ማዛወር ነው፤ ነገር ግን መረጃን በዳታቤዝ ማስቀመጥና ብዙ ተጠቃሚዎችን በአንድ ጊዜ ማስተናገድ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ከባዱም ሁለተኛው ነው።

ለዚህ ግኑካሽ የተባለው የክፍት ምንጭ የሂሳብ ፕሮግራም ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ የወጣው 2.4 እትም መዝገብን ኤስኪውላይት፣ ማይኤስኪውኤል ወይም ፖስትግሬስኪውኤል በተባሉት ዳታቤዞች ማስቀመጥ እንዲቻል አድርጓል። ሆኖም ፕሮግራሙ ሲከፈት መረጃውን ወደ ሜሞሪ አንብቦ መሥራቱን ስለቀጠለ፣ መዝገቡን የከፈተውን ኮምፒውተር ስም የሚይዝ የመቆለፊያ ሠንጠረዥም በዳታቤዙ ውስጥ ስላለ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ እንዲሠራበት የታሰበ ሆኖ ቆይቷል። ይህ ጥንቃቄ ተገቢ ነው፤ የቀረውን ሥራ ሳይሠሩ መቆለፊያውን ብቻ ማንሳት መዝገብን ያበላሻል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ስለዚያ የቀረው ሥራ ነው።

ደረጃ 1፦ ኮዱን ማንበብ

አንድም መስመር ከመጻፍዎ በፊት ፕሮግራሙ መረጃ የሚያነብባቸውንና የሚጽፍባቸውን ቦታዎች ሁሉ ለይተው ይመዝግቡ። በተለይ መፈለግ ያለበት ኮዱ በሜሞሪ ውስጥ ያለውን ቅጂ እንደ ትክክለኛው መዝገብ የሚቆጥርበት ቦታ ነው፤ ሌላ ሰው መዝገቡን በሚቀይርበት ጊዜ የሚሳሳተው እርሱ ነውና። ቀጥሎ ንባቡና ጽሕፈቱ ሁሉ በአንድ የመረጃ ማግኛ ሞጁል በኩል ብቻ እንዲያልፍ ኮዱን ያስተካክሉ። በዚህ ደረጃ ላይ የፕሮግራሙ ባሕርይ በምንም መልኩ መቀየር የለበትም። የፕሮጀክቱን ኃላፊዎችም አስቀድሞ ማነጋገር ይገባል፤ ተመሳሳይ ሥራ የጀመረ ሰው ሊኖር ይችላል፣ የሚጨምሩት የዳታቤዝ ላይብረሪ ፈቃድም ከፕሮጀክቱ ፈቃድ ጋር መጣጣም አለበት።

ደረጃ 2፦ ዳታቤዝ መምረጥ

ኤስኪውላይት ለአንድ ተጠቃሚ እጅግ ምቹ ነው፤ በአንድ ቅጽበት ግን የሚጽፍ አንድ ተጠቃሚ ብቻ ያስተናግዳል፣ ፋይሉ በኔትወርክ ማጋሪያ ላይ ሲቀመጥም የፋይል መቆለፊያው የማይታመንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ፖስትግሬስኪውኤልን ወይም ማይኤስኪውኤልን መምረጥ ይሻላል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ለመደገፍ ከመሞከር አንዱን በሚገባ መጨረስ ይቀድማል፤ ትራንዛክሽኖችን (ሁሉም አብረው የሚጸኑ ወይም አብረው የሚሰረዙ የትእዛዝ ስብስቦችን) እርስ በርስ የሚለዩበት ነባሪ ደረጃ እንኳ የተለያየ ነውና።

ደረጃ 3፦ ሠንጠረዦችን መንደፍ

ቢያንስ የሂሳቦች፣ የግብይቶች፣ በእያንዳንዱ ግብይት ሥር ያሉ የዴቢትና የክሬዲት መስመሮች፣ እንዲሁም የተጠቃሚዎች ሠንጠረዦች ያስፈልጋሉ። የገንዘብ መጠን በተንሳፋፊ ነጥብ ቁጥር (ኮምፒውተሩ አስርዮሽን በግምት በሚይዝበት ዓይነት) መቀመጥ የለበትም፤ በዚህ ዓይነት 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ ውጤቱ 0.30000000000000004 ይሆናል፣ ዴቢትና ክሬዲትም ያለ ምክንያት አይመጣጠኑም። ትክክለኛውን አስርዮሽ የሚይዘውን የቁጥር ዓይነት ይጠቀሙ፤ ወይም እንደ ግኑካሽ አካፋይና ተካፋይን በሁለት ሙሉ ቁጥሮች ያስቀምጡ።

የሂሳቡን ቀሪ በሂሳቦች ሠንጠረዥ ውስጥ ማስቀመጥ ለፍጥነት ሲባል የሚማርክ ሐሳብ ነው። አደጋውን በምሳሌ እንመልከተው። የአንድ ሂሳብ ቀሪ 5000 ነው። ሁለት ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ቀሪውን ያነብባሉ፤ አንደኛው 300 ደምሮ 5300 ብሎ ይጽፋል፣ ሁለተኛው ደግሞ ባነበበው 5000 ላይ 200 ደምሮ 5200 ብሎ ይጽፍበታል። ትክክለኛው ቀሪ 5500 ነበር፤ 300ው ግን ምንም የስህተት መልእክት ሳይታይ ጠፍቷል። በመሆኑም ቀሪው ሁልጊዜ ከመስመሮቹ ድምር ይሰላ። መጠኑ በዝቶ ሥራውን ካዘገየው ብቻ፣ በተዘጉ የሂሳብ ወራት መጨረሻ የነበረውን ቀሪ ለይቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ የተዘጋ ወር ከእንግዲህ አይለወጥምና።

ደረጃ 4፦ ግብይቱን በአንድ ትራንዛክሽን መጻፍ

የአንድ ግብይት ራስጌና መስመሮቹ በሙሉ በአንድ የዳታቤዝ ትራንዛክሽን ውስጥ መጻፍ አለባቸው፤ አንዱ ካልተሳካ ሁሉም ይሰረዛል። ሚዛኑን መፈተሽ ለፕሮግራሙ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። በፖስትግሬስኪውኤል እስከ ኮሚት (ትራንዛክሽኑ እስከሚጸናበት ቅጽበት) የሚዘገይ ትሪገር፣ ማለትም ዳታቤዙ በራሱ የሚያስነሳው ኮድ፣ መጻፍ ይቻላል፤ መስመሮቹ አንድ በአንድ ሲገቡ ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ በመጨረሻው ቅጽበት የዴቢትና የክሬዲት ድምር እኩል ካልሆነ ግን ሙሉውን ይመልሳል። የቆየ የፕሮግራሙን እትም የጫነ አንድ ተጠቃሚ እንኳ ያልተመጣጠነ ግብይት ማስገባት የማይችለው በዚህ መንገድ ነው።

ደረጃ 5፦ ሁለት ሰዎች አንድን ግብይት ሲነኩ

የሥራው እምብርት ይህ ነው። አንዱ መንገድ ግብይቱን የከፈተው ሰው እስኪጨርስ ድረስ መቆለፍ ነው፤ ነገር ግን ሰውየው ስክሪኑን ከፍቶ ከጠረጴዛው ቢነሳ ሌሎቹ ሁሉ ቆመው ይጠብቃሉ። የተሻለው መንገድ በእያንዳንዱ ግብይት ላይ የእትም ቁጥር የሚይዝ አምድ መጨመር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሠራተኞች እትሙ 7 የሆነ ግብይት ይከፍታሉ። የመጀመሪያዋ መግለጫውን አርማ ስታስቀምጥ፣ ፕሮግራሙ ለዳታቤዙ የሚልከው ትእዛዝ «እትሙ አሁንም 7 ከሆነ አስተካክለው፣ እትሙንም 8 አድርገው» የሚል ነው። አንድ ረድፍ ተቀየረ የሚል መልስ ይመጣል። ሁለተኛው ሠራተኛ ከጥቂት በኋላ ተመሳሳይ ትእዛዝ ሲልክ እትሙ 7 የሆነ ረድፍ ስለሌለ የተቀየሩት ረድፎች ዜሮ ናቸው ተብሎ ይመለስለታል። ፕሮግራሙ ያንን ዜሮ ችላ ማለት የለበትም፤ ግብይቱን ማን መቼ እንደቀየረው ይነግረዋል፣ አዲሱን ይዘትና የእርሱን ረቂቅ ጎን ለጎን ያሳየዋል፣ ውሳኔውንም ለእርሱ ይተዋል። በሂሳብ ሥራ ሁለት እርማቶችን በራስ ሰር ማዋሃድ አይመከርም። መስመሮቹ ሲቀየሩም የግብይቱ ራስጌ እትም አብሮ መጨመር አለበት።

የሂሳብ ሙያ ራሱ እዚህ ላይ ያግዛል፦ የጸደቀ ግብይት አይታረምም፣ በተቃራኒ ግብይት ይሻራል እንጂ። ይህን ደንብ በዳታቤዙ ካስከበሩ ግጭት የሚፈጠረው በረቂቆች ላይ ብቻ ይሆናል።

አንድ የሚረሳ ቀዳዳ አለ። አንዲት ሠራተኛ ወሩን ስትዘጋ ሌላው በዚያው ቅጽበት በዚያ ወር ግብይት ሊያስገባ ይችላል፤ ሁለቱም ወሩ ክፍት መሆኑን አይተው ይጽፋሉ። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ወር አንድ ረድፍ መያዝ ነው፤ ግብይት የሚያስገባ ሁሉ ረድፉን በጋራ መቆለፊያ (ብዙዎች አብረው ሊይዙት በሚችሉት) ይይዛል፣ የሚዘጋው ደግሞ በብቸኛ መቆለፊያ (አንድ ብቻ በሚይዘው)። የቆለፈው እስኪጨርስ ሌላው ይጠብቃል፤ ተራው ሲደርስም ወሩ ተዘግቶ ካገኘው ግብይቱ ውድቅ ይሆናል።

ደረጃ 6፦ የኢንቮይስ ቁጥር

የዳታቤዙ ራስ ሰር ቁጥር ሰጪ ትራንዛክሽኑ ቢሰረዝም የሰጠውን ቁጥር አይመልስም፤ በተከታታዩ ውስጥም ክፍተት ይፈጠራል። ክፍተት የማይፈቀድ ከሆነ ቁጥሩን በአንድ ረድፍ ይያዙ፤ በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ፣ ኮሚት ሊደረግ ሲል ብቻ ቆልፈው ይጨምሩት። ቀደም ብሎ ከተቆለፈ ተጠቃሚዎች ያለ ጥቅም ይጠባበቃሉ።

ደረጃ 7፦ ስክሪኑን ማደስ

ፖስትግሬስኪውኤል ማሳወቂያ ለማግኘት ለተመዘገቡ የተገናኙ ፕሮግራሞች ሁሉ ለውጥ መኖሩን የሚያሳውቅበት ዘዴ አለው። መልእክቱ የተቀየረውን ግብይት መለያ ብቻ ይያዝ፤ ይዘቱን ፕሮግራሙ ራሱ ያንብብ። ግንኙነት ተቋርጦ ከተመለሰ ያመለጡ መልእክቶች ስለሚኖሩ ሁሉን እንደገና ማንበብ ያስፈልጋል።

ደረጃ 8፦ ፈቃድና ክትትል

በስክሪኑ ላይ ያለ ቁልፍ (በተን) መደበቅ ፈቃድ መከልከል አይደለም። የዳታቤዙን የይለፍ ቃል የያዘ ሰው በሌላ መሣሪያ ሊገባ ስለሚችል ገደቡ በዳታቤዙ ውስጥ መሆን አለበት። ኤስኪውኤል ሌጀር ከተባለው የሂሳብ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2006 ተገንጥሎ የወጣው ሌጀርኤስኤምቢ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱን የፖስትግሬስኪውኤል መግቢያ ይሰጣል፤ ይህ መከተል የሚገባው አሠራር ነው። ማን ምን እንደቀየረ የሚመዘግብ፣ መጨመር እንጂ ማረምም መሰረዝም የማይፈቀድበት ሠንጠረዥ ደግሞ በትሪገር ይሞላ።

ደረጃ 9፦ ነባሩን መዝገብ ማዛወርና መሞከር

የድሮውን ፋይል ሲያዛውሩ ከሁለቱም ወገን ትራያል ባላንስ (የሂሳቦች ሁሉ ቀሪ ዝርዝር) አውጥተው ሂሳብ በሂሳብ ያወዳድሩ፤ አጠቃላይ ድምሩ ብቻ መስማማቱ አይበቃም፣ በተሳሳተ ሂሳብ ላይ የገባ መስመርም ድምሩን አይለውጥምና።

ሙከራው ቢያንስ ሁለት የዳታቤዝ ግንኙነቶችን መክፈት አለበት። የመጀመሪያው ትራንዛክሽን ጀምሮ ይቆም፣ ሁለተኛው ያንኑ ረድፍ ይንካ፣ ከዚያ የመጀመሪያው ይቀጥል። ሴሪያላይዜብል የተባለውን ትራንዛክሽኖችን የመለያ ጥብቅ ደረጃ ከተጠቀሙ ፖስትግሬስኪውኤል አንዳንድ ትራንዛክሽኖችን በስህተት ቁጥር 40001 ይመልሳቸዋል፤ ፕሮግራሙ ትራንዛክሽኑን ከመጀመሪያው እንደገና መሞከር ይኖርበታል። በመካከሉ የኔትወርክ ገመዱን መንቀልም ከሙከራዎቹ አንዱ ይሁን።

ለፕሮጀክቱ ሲያቀርቡ ሥራውን ከፋፍለው ይላኩ፦ መጀመሪያ የመረጃ ማግኛ ሞጁሉን፣ ቀጥሎ ሠንጠረዦቹን፣ ከዚያ የእትም ቁጥሩን ከነሙከራዎቹ። በፋይል ብቻ የሚሠራውን ነባር መንገድ አይንኩት፤ ብቻውን የሚሠራ ሰው ሰርቨር የሚተክልበት ምክንያት የለውም።