ማበስ ወይስ ማለቅለቅ? የስፓኒሽ መመሪያ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር የሚበላሽባቸው ቦታዎች

የማወራው ስለ አጠቃቀም መመሪያ ነው። የጆሮ መስሚያ፣ የላብራቶሪ ኪት፣ የቁስል ፋሻ፣ የስኳር መለኪያ፤ ከስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም። ማስገባት፣ እርጥበት ማስመጠጥ፣ ማድረቅ። ሦስት ተራ ሥራዎች ናቸው። ለእርማት በሚደርሱኝ ጽሑፎች ውስጥ ግን ሰው የሚጎዳ ስህተት ሳገኝ አብዛኛውን ጊዜ ከነዚህ በአንዱ ላይ ነው።

ስፓኒሽ የለመድኩት በልጅነቴ ኩባ ነው። በደርግ ዘመን በሺዎች የምንቆጠር የኢትዮጵያ ልጆች ወደ ወጣቶች ደሴት ተልከን ነበር። አሁን አሜሪካ ተቀምጬ የሌሎችን ትርጉም አርማለሁ። መዝገበ ቃላት እንደምትከፍቱና ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻ እንደምታነቡ ቆጥሬ ነው የምጽፈው።

ምልክት፦ እንግሊዝኛው «በለስላሳ ጨርቅ ሪንስ ያድርጉ» ይላል

ይሄኛውን ስንት ጊዜ እንዳረምኩት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል።

መንስኤው ሁለት ግሶች ናቸው። «ኤንኹጋር» ማለት እርጥበትን ማበስ ነው። «ኤንዃጋር» ማለት ደግሞ በውሃ ማለቅለቅ። በላቲን ፊደል ሲጻፉ (enjugar፣ enjuagar) የሚለያቸው አንዲት «a» ፊደል ብቻ ናት። በትእዛዝ መልክ ሲመጡም ያው ነው፤ «ኤንኹጌ» እና «ኤንዃጌ»። አንዱ ውሃ ይቀንሳል፣ ሌላው ውሃ ይጨምራል። ሥራቸው ተቃራኒ፣ መልካቸው መንታ።

አንድ ጊዜ ከስፔን የመጣ የጆሮ መስሚያ መመሪያ እጄ ገባ። እንግሊዝኛው አልቆ፣ ገጹ ተውቦ፣ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶታል። የጽዳት ክፍሉ «በየማታው መሣሪያውን በለስላሳ ጨርቅ ሪንስ ያድርጉ» ይላል። በጨርቅ ማለቅለቅ ብሎ ነገር የለም። ስፓኒሹን ከፈትኩት፤ «ኤንኹጌ» ነው የሚለው። የላቡን እርጥበት አብሱለት ማለት ነው። ያንን ወረቀት የሚያነቡ አንዲት እናት ጨርቁን ትተው «ሪንስ» የምትለዋን ቢይዙ ቧንቧ ይከፍታሉ። በማግስቱ መስሚያው ጸጥ ይላል። በሺህ የሚቆጠር ዶላር የወጣበት ዕቃ!

እዚያው ፋይል ውስጥ ግማሹ ገጽ «ሄድፎን» ይል ነበር። «አውዲፎኖ» በስፔን የጆሮ መስሚያ ነው፤ በላቲን አሜሪካ ብዙ ቦታ ግን ሙዚቃ የሚሰማበት ነው። ተርጓሚው የየትኛው አገር ስፓኒሽ እንደያዘ አልጠየቀም።

የተገላቢጦሹ የባሰ ነው። የሕክምና መሣሪያ ጀርም በሚገድለው ግሉታራልዴሃይድ በሚባል ኬሚካል ከተነከረ በኋላ በንጹህ ውሃ በደንብ መታጠብ አለበት። ኬሚካሉ ላዩ ላይ ከቀረ የታካሚውን ገላ ያቆስላል። ስፓኒሹ «ኤንዃጌ» ብሎ እያለ እንግሊዝኛው «ዋይፕ»፣ አብሱት፣ ብሎ ሲመጣ አይቻለሁ። ያን ቀን ተርጓሚውን ስልክ ደውዬ ነው የተቆጣሁት። በኢሜይል የሚታለፍ አልነበረም።

ስህተቱ ከየት ይመጣል? ከችኮላ ንባብ ይመጣል። ከስካንም ይመጣል፤ ወረቀቱን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ፕሮግራም ያቺን «a» ይበላታል። የፊደል ማረሚያው ደግሞ ቀይ መስመር አያሰምርም፤ ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ናቸውና። ስፓኒሽ አፍ መፍቻቸው የሆኑ ጸሐፊዎችም ያምታቱታል። ስለዚህ ምንጩን ራሱን አትመኑት።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት በስፓኒሹ ፋይል ውስጥ ሁለቱን ግሶች ፈልጓቸው። እያንዳንዷን አንድ በአንድ እዩ። ጎረቤቷ ማን ነው? ጨርቅ፣ ጎዝ፣ ፎጣ፣ ወረቀት ካለ ማበስ ነው፤ «ዋይፕ ድራይ» (አብሶ ማድረቅ) ወይም «ብሎት» (ጫን አድርጎ ማስመጠጥ) በሉት። ውሃ፣ ሳላይን (የጨው ውሃ)፣ ቧንቧ ካለ ማለቅለቅ ነው፤ «ሪንስ»። ግሱና ጎረቤቱ ከተጣሉ አትገምቱ። ለባለቤቱ ጻፉና መልስ እስኪመጣ ጠብቁ። «ሁሉንም ተካ» የሚለውን ቁልፍ ግን በፍጹም አትንኩት! አንድ ሰው በዚያች ቁልፍ ትክክል የነበሩትን ሁሉ አበላሽቶ ልኮልኛል። ሲያርም ሳይሆን ሲያጠፋ ነው ያደረው።

ማስታወሻ ለሚፈልግ፦ «ኤንኹጋር» የመጣው ጭማቂን ወይም እርጥበትን ማውጣት ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ የስፓኒሹ «ኹጎ»፣ ጭማቂ፣ ዘመዱ ነው። «ኤንዃጋር» ውስጥ ደግሞ «አጓ»፣ ውሃ፣ አለ። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች እንዲያውም ታድለናል። ስፓኒሽ እንባን «ኤንኹጋር» ይላል፤ እኛም እንባ እናብሳለን እንጂ አናለቀልቅም። ግሱን መጀመሪያ ወደ አማርኛ አዙሩት፤ «አበሰ» ካላችሁ ገባችሁ። በፊደላችንም ብትጽፉት «ኹ» እና «ዃ» አይምታቱም፤ እኔ በማርመው ወረቀት ጠርዝ ላይ አሁንም እንዲህ ነው የምጽፈው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ኤንዃጌ» ስም ሆኖም ይመጣል። «ኤንዃጌ ቡካል» የአፍ መጉመጥመጫ ነው። በአርጀንቲና «ክሬማ ዴ ኤንዃጌ» የፀጉር ኮንዲሽነር ነው። እዚህ ላይ «ሪንስ» ብሎ ማዘዝ የለም።

ምልክት፦ ላብራቶሪው «ፕሌቱን አደረቅን፣ ውጤቱ ግን ተበላሸ» ይላል

መንስኤው «ሴካር» ነው። ስፓኒሽ ለእንግሊዝኛው «ብሎት» ራሱን የቻለ የተለመደ ግስ የለውም። «ሴካር» ይልና ጭራ ይቀጥልበታል፤ በሚመጥ ወረቀት ላይ፣ ሳይፈተግ፣ ነካ ነካ እያደረጉ፣ በአየር። ትርጉሙ ያለው ጭራው ላይ ነው። ሰነፍ ተርጓሚ ጭራውን ቆርጦ «ድራይ» ብቻ ይጽፋል።

ኤላይዛ የሚባለውን የላብራቶሪ ምርመራ እዩ። ፕሌት፣ 96 ትንንሽ ጉድጓድ ያለው የናሙና ሰሌዳ፣ ታጥቦ፣ ተገልብጦ፣ በሚመጥ ወረቀት ላይ ጠብ ጠብ ይደረጋል። የቀረችው ጠብታ እንድትወጣ ነው። ወዲያው ቀጣዩ ፈሳሽ ይጨመራል። እንግሊዝኛው «ድራይ ዘ ፕሌት» ካለ ግን ባለሙያዋ ጠረጴዛ ላይ ትታው ሻይ ልትጠጣ ትሄዳለች። ጉድጓዶቹ ይደርቃሉ፣ ንባቡ ይዛባል። መመሪያው ራሱ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ «ጉድጓዶቹ እንዳይደርቁ» ይላል፤ ተርጓሚው የገዛ ጽሑፉ እርስ በርሱ ሲጋጭ አላየም። ይሄ ያናድደኛል።

መፍትሄው፦ ውሃውን የሚወስደው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ወረቀት ጫን ብሎበት ከሆነ «ብሎት»። ቆዳ ወይም ቁስል ላይ ሳይፈተግ ከሆነ «ፓት ድራይ»። ጨርቅ እየተንሸራተተ ከሆነ «ዋይፕ ድራይ»። ማንም ሳይነካው ጊዜ ብቻ ከሆነ «ኤር ድራይ»። ፕሌት ወረቀት ላይ ሲመታ ስፓኒሹ «ጎልፔያር» ይላል፤ እንግሊዝኛው «ታፕ» ነው እንጂ «ሂት» አይደለም። ፕሌት አይደበደብም።

ምልክት፦ «ካርድዎን ኢንትሮዱስ ያድርጉ»

«ኢንትሮዱሲር» በስፓኒሽ ማስገባት ነው። የእንግሊዝኛው «ኢንትሮዱስ» ግን ማስተዋወቅ ነው፤ ካርድ ደግሞ ከማሽን ጋር አይተዋወቅም። ካርድ ወይም የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ማስገቢያው ውስጥ ሲገባ «ኢንሰርት» ነው። የሚስጥር ቁጥር ሲሆን «ኤንተር»። ቱቦ ሴንትሪፊውጅ (ናሙና የሚያሽከረክር ማሽን) ውስጥ ሲቀመጥ «ፕሌስ»። እዚህ ላይ አማርኛ አያግዘንም፤ እኛም ካርዱንም ቁጥሩንም «አስገባ» ነው የምንለው። የኛ ልጆች የሚሳሳቱትም ለዚህ ነው። ዕቃ ነው ወይስ መረጃ? ከጻፋችሁ በኋላ ይህችን ጠይቁ።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

«ዴሴካር» ማድረቅ ነው፤ «ዲሴካር» ግን አካል መበለት ወይም የሞተ እንስሳ በገለባ ሞልቶ ማቆየት ነው። ተጠንቀቁ።

«ኢንኼርታር» ከአንዱ ቆርጦ ሌላው ላይ መትከል ነው፤ የተክል ቅርንጫፍ ወይም ቆዳ። ከ«ኢንሴርታር»፣ ማስገባት፣ ጋር አታምታቱት።

«ኤምፓፓር» ብዙ ጊዜ ማራስ ነው፤ የፈሰሰ ውሃ በጨርቅ ሲሆን ግን ማስመጠጥ ነው።

ሳዘርን ብሎት የዲኤንኤ መመርመሪያ ዘዴ ነው፤ «ሳዘርን» እዚህ አቅጣጫ አይደለም። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው በኤድዊን ሳዘርን ስም የተሰየመ ነው። ስሙን አትተርጉሙት።

ከኩባ የመጣ ጽሑፍ ወለሉን በ«ፍራዛዳ» አድርቁ ካለ ሌላ አገር ብርድ ልብስ የሚባለው አይደለም። የወለል ጨርቅ ነው። ቲ ቅርጽ ባለው እንጨት ላይ ጣል ተደርጎ የሚገፋ፣ ሲርስ የሚከብድ ወፍራም ጨርቅ። የትምህርት ቤታችንን ኮሪደር በተራ የምንወለውለው በሱ ነበር። እንግሊዝኛው ላይ «ሞፕ» ብላችሁ እለፉ።