የፍላሽ ፓወር ፓኬን ባትሪ በምን ተካሁት

ሠርግ የማነሳበት የካሜራ ፍላሼ ፓወር ፓክ (ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለው ኃይል ሰጪው ሳጥን) ውስጥ የነበረው 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ሊድ አሲድ ባትሪ ሞተ። ኦሪጅናሉን ፈልጌ አጣሁት። የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር የሚይዘው መሣሪያ) ባትሪ ልክክ ይላል፤ ግን ከ2 ኪሎ በላይ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ትከሻ ላይ ሲውል ይገድላል። ስለዚህ ባለ 4 ሴል ሊቲየም አይረን ፎስፌት አስገባሁ፦ 12.8 ቮልት ነው፣ ክብደቱም ከግማሽ በታች።

ስትመርጡ አምፒር ሰዓቱን፣ ማለትም ምን ያህል እንደሚይዝ ብቻ አትዩ። ፍላሹ ካፓሲተሩን (ለብልጭታው ኃይል የሚያጠራቅመውን ክፍል) ሲሞላ ባንዴ ብዙ ከረንት ስለሚስብ፣ የባትሪው መከላከያ ሰርኪት ያንን ካልቻለ ልክ ሙሽሮቹ ሲገቡ ድርግም ይላል። የኔ ፓክ ፊውዝ 20 አምፒር ነው፤ ከዚያ በላይ ያለማቋረጥ የሚሰጥ ባትሪ ገዛሁ፣ ፊውዙን ግን አልነካሁትም። አሁን ሳይቆራረጥ ይሠራል።

የድሮውን ቻርጀር እባካችሁ አትጠቀሙ። ለዚህ ባትሪ የተሠራ፣ 14.6 ቮልት ላይ የሚያቆም ግዙ።