ሙሌት ብቻውን ሕክምና አይደለም፦ በጥርስ መበስበስ ሕክምና ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ጥርሱ የተሞላለት ታካሚ ሌላ የተበላ ጥርስ ይዞ ሲመለስ ጥፋቱ በብሩሹ ላይ ይላከካል። ሙሌት ግን ቀዳዳ ይደፍናል እንጂ ቀዳዳውን የፈጠረውን ነገር አያቆምም። በጥርስ ላይ የተጋገረው የባክቴሪያ ሽፋን፣ ማለትም ፕላክ፣ ከስኳር አሲድ ይሠራል። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ኢናሜል፣ ማለትም ጠንካራው የጥርስ የላይኛው ሽፋን፣ ማዕድኑን ይለቃል፤ ምራቅ ደግሞ ቀስ በቀስ ይመልስለታል። የሚወጣው ከሚመለሰው ሲበልጥ ጥርስ ይበላል። የሚከተሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ሚዛን ረስቶ ቀዳዳውን ብቻ ከማየት የሚመጡ ናቸው።

እርጥብ ጥርስ መመርመር

የመበስበስ የመጀመሪያ ምልክት ነጭ ነጠብጣብ ነው። ኢናሜሉ ውስጥ የተፈጠሩት ጥቃቅን ክፍተቶች ውኃ ከያዙ ነጠብጣቡ ይደበቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ፕላኩን ማጽዳት፣ ጥጥ ማስያዝ፣ ከዚያ ለ5 ሴኮንድ በአየር ማድረቅ ያስፈልጋል። ሳይደርቅ የሚታየው ነጠብጣብ ከደረቀ በኋላ ብቻ ከሚታየው ይልቅ ወደ ውስጥ ዘልቋል። ዋናው ጥያቄ ግን እየገፋ ነው ወይስ ቆሟል የሚለው ነው። የደበዘዘ፣ ሲነካ ሻካራ የሆነና ከድድ አጠገብ በፕላክ የተሸፈነ ከሆነ እየገፋ ነው። የሚያብረቀርቅና ለስላሳ ከሆነ ቆሟል፤ የቆመውን መዝግቦ መከታተል ይበቃል።

በሹል መሣሪያ መውጋት

«ከያዘ ተበልቷል» የሚለው የቆየ ልማድ ሁለት ጊዜ ያሳስታል። ጫፉ የሚይዘው በጥርሱ ስንጥቅ ቅርጽ የተነሳም ሊሆን ይችላል፤ ከዚያም በላይ ገና ያልተቦረቦረውን የላይኛውን ስስ ሽፋን ሰብሮ ሊድን የሚችለውን ቦታ ቀዳዳ ያደርገዋል። ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መሣሪያ በቀስታ እየጎተቱ ሻካራነቱን መለየት ይሻላል።

በራጅ ላይ ጥላ የታየበትን ሁሉ መቦርቦር

በሁለት ጥርሶች መካከል ያለ ጥላ ኢናሜል ውስጥ ከቀረ ብዙ ጊዜ ገጹ ገና ቀዳዳ አልሆነም። እሱን ለመሙላት ጤናማውን የጥርስ ጠርዝ ቆርጦ መግባት ግድ ነው፤ የተቆረጠ ጥርስ ደግሞ ወደነበረበት አይመለስም፤ ሙሌቱ በተቀየረ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል። የሚያጠራጥር ከሆነ በጥርሶቹ መካከል የላስቲክ ቀለበት ለጥቂት ቀናት አስገብቶ ገጹን በዓይን ማየት ይቻላል። ቀዳዳ ከሌለው 5 በመቶ የፍሎራይድ ቫርኒሽ (ጥርስን የሚያጠናክር ማዕድን ያለበት ቅባት) ይቀባል፣ የጥርስ ክር ይታዘዛል፣ በራጅ ይከታተሉታል።

ጥልቅ መበስበስን እስከ ነርቩ ድረስ መጥረግ

ብዙ ጥርስ ያለአግባብ የሥር ሕክምና ላይ የሚደርሰው እዚህ ነው። ታካሚው ያለምክንያት የሚነሳና ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ከሌለው፣ ቀዝቃዛ ሲነካው የሚሰማው ቶሎ ከለቀቀውና ራጁ ሥሩ ጫፍ ላይ ለውጥ ካላሳየ፣ ከነርቩ በላይ ያለውን ለስላሳ ዴንቲን (ከኢናሜል ሥር ያለውን የጥርስ ክፍል) መተው ይቻላል፤ ይገባልም። ዳር ዳሩ ግን ጠንካራው እስኪገኝ ድረስ ይጸዳል። ታሽጎ የተቀመጠ ባክቴሪያ ምግብ ስለሚያጣ ይዳከማል። ነገሩ የሚበላሸው ባለሙያው ይህን ገልብጦ ሲሠራው ነው፦ መሃሉን ጠርጎ ዳሩን ሲተው። ያኔ ነርቩ ይጋለጣል፤ ሙሌቱም አይታሸግም። መለኪያው ጥንካሬ እንጂ ቀለም አይደለም። መበስበስን ያሳያሉ የሚባሉት ማቅለሚያዎችም መዳን የሚችለውን ዴንቲን ጭምር ስለሚያቀልሙ ከሚገባው በላይ ያስቦረቡራሉ።

«ጣፋጭ ተው» ብሎ መሸኘት

ይህ ምክር አይባልም። ከመጠኑ ይልቅ ድግግሞሹ ይጎዳል፤ ከእያንዳንዱ ጣፋጭ ጉርሻ በኋላ አፍ ወደ ነበረበት ለመመለስ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ «ትናንት ከእንቅልፍዎ ከተነሱ ጀምሮ የበሉትንና የጠጡትን ይንገሩኝ» ብሎ ማስጀመርና ሳያቋርጡ ማዳመጥ ይሻላል። ቀኑን ሙሉ የሚጎነጩት ስኳር ያለው መጠጥ ወይም ማታ ከመኝታ በፊት የሚወሰድ ጣፋጭ ሽሮፕ የሚወጣው ከዚህ ወሬ ነው። ከዚያ ታካሚው ራሱ አንድ ለውጥ ይምረጥ፤ አምስት ምክር የተሸከመ ሰው አንዱንም አይዝም።

የጥርስ ሳሙናም እንዲሁ ዝርዝር ይፈልጋል። ለአብዛኛው አዋቂ ከ1,350 እስከ 1,500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ፍሎራይድ ያለው፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ከመኝታ በፊት። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለ የአተር ፍሬ ያህል። ተቦርሾ ሲያበቃ መትፋት እንጂ በውኃ መጉመጥመጥ አይገባም፤ ፍሎራይዱ ታጥቦ ይሄዳል። ታካሚው መስተዋት ይዞ ሲቦርሽ ካልታየ የትኛው ጥርስ እንደሚታለፍ አይታወቅም።

ምራቅን መርሳት

አፉ የሚደርቅ ሰው በደንብ ቢቦርሽም ጥርሱ ሊበላ ይችላል። ለአለርጂ፣ ለድብርትና ለደም ግፊት የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶች ምራቅ ይቀንሳሉ፤ የመድኃኒት ዝርዝር የሚጠየቀው ለማደንዘዣ ብቻ አይደለም። ለእንዲህ ዓይነቱ አዋቂ 5,000 ፒፒኤም ሳሙና ማዘዝ ይታሰባል፤ በተለይ ድዱ ሸሽቶ ሥሩ ከተገለጠ። የጥርስ ሥር ከኢናሜል ይልቅ በቀላል አሲድ ይሟሟልና።

ጥቁረቱን ሳያሳዩ መቀባት

38 በመቶ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ (ብርና ፍሎራይድ ያለበት የሚቀባ ፈሳሽ) ያለ ቁፋሮ መበስበስን ሊያቆም ይችላል፤ የተበላውን ቦታ ግን ለዘለቄታው ያጠቁረዋል። ፎቶ አሳይቶ ፈቃድ ማግኘት ከመቀባት በፊት ነው። ከተቀባ በኋላ የሚነገር ማብራሪያ ይቅርታ መጠየቅ ብቻ ነው።

ለሁሉም የስድስት ወር ቀጠሮ

በየጊዜው አዲስ መበስበስ የሚታይበት ሰው በ3 ወር መታየትና ቫርኒሽ መቀባት ሲያስፈልገው፣ ለዓመታት ምንም ያልታየበት አዋቂ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። በቀጠሮው ቀን ሙሌቱን ከማየት በፊት ያ የመረጠው አንድ ለውጥ የት እንደደረሰ ይጠየቅ፤ ነጭ ነጠብጣቡም እንደገና ደርቆ ካለፈው ምዝገባ ጋር ይነጻጸር።